ሱፍ፣ ካውያና ነጠላ ጫማ፦ ሰባት ሌሊት በመዝናኛ መርከብ ላይ

የመርከቡን ጉዞ ከያዝን በኋላ ከተላኩልን ወረቀቶች ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ራት ላይ ምን መልበስ እንደሚገባ የሚገልጸውን አንድ ገጽ ነበር። ገጹ ከሰባቱ ሌሊቶች አምስቱ «ስማርት ካዥዋል»፣ ሁለቱ «ፎርማል» መሆናቸውን ይናገራል። ስማርት ካዥዋል ሲባል ለወንድ ባለ ኮሌታ ሸሚዝና ረጅም ሱሪ፣ ለሴት ቀለል ያለ ቀሚስ ወይም ደህና ሱሪ ሲሆን፣ ፎርማል ሲባል ግን ለወንድ ቱክሲዶ ወይም ጠቆር ያለ ሙሉ ሱፍ ከክራቫት ጋር፣ ለሴት ረጅም የምሽት ቀሚስ ወይም አጠር ያለ የግብዣ ቀሚስ ነው። የመዋኛ ልብስ፣ ካናቴራ፣ ቁምጣ፣ ነጠላ ጫማና ኮፍያ ወደ ዋናው የመመገቢያ አዳራሽ በየትኛውም ምሽት አይገቡም። እኔ ለራት ብሎ ልብስ የሚቀይር ሰው አይደለሁም፤ ቤቴ የምበላው በዋልኩበት ልብስ፣ አንዳንዴም ከእሱ በባሰው ነው። ስለዚህ ገጹን ባነበብኩ ቁጥር፣ ከፍዬ የምበላውን ራት ሌላ ሰው ከእግር እስከ ራሴ አይቶ የሚፈቅድልኝ እየመሰለኝ እናደድ ነበር።

«ካልፈለግህ እኮ ላይ ፎቅ ቡፌ አለ፤ እዚያ ማንም ምንም አይልህም» አለችኝ ባለቤቴ።

እውነቷን ነበር። በአብዛኞቹ መርከቦች ላይ የአለባበሱ ደንብ የሚጠብቀው ዋናውን አዳራሽና ተጨማሪ የሚከፈልባቸውን ምግብ ቤቶች ሲሆን፣ ቡፌው በፎርማል ምሽት እንኳ ለጅንስና ለቲሸርት ክፍት ነው። ነገር ግን የሁለቱንም ዋጋ አንድ ላይ ከፍዬ አንዱን በልብስ ምክንያት መተው አልዋጥልህ አለኝ። ስለዚህ ሱፌ ከነክራቫቱ፣ ጥቁር ጫማዬ ከነቀለሙ፣ እንዲሁም ነጭ ሸሚዜ ሻንጣ ውስጥ መጨማደዱ እንደማይቀር ስለማውቅ አንድ ትንሽ የጉዞ ካውያ ሻንጣ ውስጥ ገቡ። በዚህ ዝግጅቴ እጅግ እኮራ ነበር።

ባርሴሎና ወደብ ላይ የክፍላችን ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በየሻንጣው እጀታ ላይ ታስሮ ሻንጣዎቹ ከእጃችን ተወሰዱ። ከዚያ ወዲያ በፍተሻ መሣሪያ ያልፋሉ፣ በሺዎች ከሚቆጠሩ ሌሎች ሻንጣዎች ጋር ይለያሉ፣ ከሰዓት በኋላም ሆነ ምሽት፣ ተራቸው በደረሰ ጊዜ በየክፍሉ በር ላይ ይቀመጣሉ። ለመጀመሪያው ምሽት የሚሆን ልብስ በእጅ ቦርሳ እንድንይዝ ተመክረን ነበር፤ እኔ ግን ምክሩ ለማይደራጁ ሰዎች የተጻፈ መሰለኝ። ራታችን ከምሽቱ 12 ሰዓት ነበር። በ11 ሰዓት ተኩል የባለቤቴ ሻንጣ በር ላይ ቆሞ ሲገኝ የእኔ አልነበረም። ስለዚህ በአውሮፕላን በተቀመጥኩበት ሱሪና አውሮፕላኑ በተንገጫገጨ ጊዜ ቡና በፈሰሰበት ሸሚዝ ወደ አዳራሹ ወረድኩ። እድፉ ከሁለተኛው ቁልፍ በታች ነበርና የጠረጴዛውን ናፕኪን እንደ ሕፃን አንገቴ ሥር ሰክቼ በላሁ።

ያዳነኝ የመጀመሪያው ምሽት ፎርማል አለመሆኑ ነው። ይህም እንዲያው የሆነ አይደለም። በክብ ጠረጴዛችን ከተመደብነው ስምንት ሰዎች መካከል ከሃያ ጊዜ በላይ በመርከብ የተጓዙ አንዲት አዛውንት ነበሩ፤ ሙሉውን ሳምንት እንደ መምህሬ ያየኋቸው እሳቸውን ነው። ናፕኪኔን አይተው ፈገግ ካሉ በኋላ፣ በድሮዎቹ የአትላንቲክ መርከቦች ዘመንም ቢሆን በመጀመሪያው ምሽት ለራት መልበስ ልማድ እንዳልነበረ፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ የልብስ ሣጥኖች ገና ስለማይፈቱ እንደሆነ ነገሩኝ። በመጨረሻው ምሽት ደግሞ ሣጥኑ ተመልሶ ስለሚታሰር አይለበስም። ዛሬም የፎርማል ምሽት አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው መርከቡ ወደብ ሳይነካ በሚውልበት የመጀመሪያ ቀን ማታ ላይ ነው፤ ሰው ቀኑን ሙሉ መርከቡ ላይ ስለሚውል ለመልበስ ጊዜ አለውና።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ ሻንጣዬ አሁንም የለም፤ በእሱ ፈንታ አንድ ወረቀት በር ላይ ተሰክቷል። ወደ ታችኛው ፎቅ ወርጄ የጥበቃ ክፍሉ በር ላይ ሰልፍ ያዝኩ። ከፊቴ የነበረው ሰው ሻማ ተይዞበት ነበር፤ ከኋላዬ የነበረችው ሴት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ። ሻንጣዬ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ፣ ካውያዬ ለብቻው ወጥቶ እንደ ማስረጃ ተቀምጧል።

«ጌታዬ፣ ካውያ ክፍል ውስጥ አይፈቀድም» አለኝ ጥበቃው በትሕትና። «በእንፋሎት የሚሠራውም ጭምር። ባሕር ላይ ከምንም በላይ የምንፈራው እሳትን ነው። በመጨረሻው ቀን ይመለስልዎታል።»

ደረሰኝ ጽፎ ሰጠኝ። ስለ እሳት የተናገረው ትክክል መሆኑን እያወቅኩ እንኳ፣ ልብሴ እንዲያምር በደንቡ ያዘዘኝ መርከብ የማሳምርበትን ዕቃ በደንቡ መቀማቱ እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛኝም።

በማግስቱ መርከቡ ወደ ናፖሊ እየተጓዘ ሙሉ ቀን ባሕር ላይ ዋለ፤ ማታው ፎርማል ነው። ነጩ ሸሚዝ ከሻንጣ ሲወጣ ተጣጥፎ ኪስ ውስጥ የከረመ ወረቀት ይመስል ነበር። አንዳንድ መርከቦች ተሳፋሪው ራሱ የሚያጥብበትና የሚተኩስበት ክፍል አላቸው፤ የእኛው አልነበረውም። በመርከቡ ላውንደሪ ሸሚዝ ለማስተኮስ 7 ዶላር ሲሆን፣ ለማታ እንዲደርስ ከተፈለገ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ለአንድ ሸሚዝ 14 ዶላር አልከፍልም አልኩ። ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ሸሚዙን በመስቀያ አድርጋ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ሰቀለችውና የሙቅ ውኃውን ከፈተች። መታጠቢያ ክፍሉ አንድ ሰው ክርኑን ሳያጋጭ የማይዞርበት ነው። በሩን ዘግተን፣ መስታወቱ እስኪጠፋ ድረስ እንፋሎት ሲሞላ፣ እሷ እጅጌዎቹን ወደ ታች እየሳበች እኔ ኮሌታውን በመዳፌ እያሻሸሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየን። የደረቱ መጨማደድ ለቀቀ። ጀርባው በመጠኑ ተቃና። ከደረቱ በግራ በኩል፣ ከኪሱ በታች ያለችው አንዲት ሰያፍ መስመር ግን ብንስባትም ብናሻትም አልሄድ አለች። «ኮት ይሸፍናታል» ተባባልን።

አዳራሹ በር ላይ ደረጃዎቹ በሰው ተሞልተው ነበር። ፎቶ አንሺዎች የተሳለ የፀሐይ መጥለቂያ ዘርግተው እያንዳንዱን ጥንድ ያቆማሉ፤ ካፒቴኑ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ለእንግዶቹ የመልካም ምኞት ብርጭቆ ያነሳሉ። ቱክሲዶ የለበሱት እኔ ከጠበቅኩት በጣም ያነሱ ነበሩ፤ ከአሥር ወንድ አንዱ ቢሆን ነው። የበዛው እንደ እኔ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ሱፍ ነበር፤ ክራቫት ሳያደርጉ ኮት ብቻ ደርበው የገቡም ብዙ ናቸው። አንድ ሰው በስኮትላንዶች ቀሚስ መጥቶ ነበርና ከሁላችንም በላይ ያማረበት እሱ ነው። የአገር ባህል ልብስ በፎርማል ምሽት እንደ ቱክሲዶ የሚቆጠር መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ቱክሲዶ ራሱ ስሙን ያገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ጭራ የሌለውን አጭር የራት ኮት ለአሜሪካ ሀብታሞች ካስለመደው፣ ከኒው ዮርክ በስተሰሜን ከሚገኘው ቱክሲዶ ፓርክ ነው፤ በዘመኑ ከጭራማው ኮት ጋር ሲነጻጸር እንደ ግድየለሽ አለባበስ ይታይ የነበረ ልብስ ነው። ይህን ለጠረጴዛው ስተርክ ባለቤቴ እግሬን ረገጠችኝ።

የረገጠችኝ ግን ለወሬዬ ብቻ አልነበረም፤ በርዷት ነው። የመርከብ የመመገቢያ አዳራሽ ማቀዝቀዣ የሚስተካከለው ኮት ለለበሰ ወንድ ነው እንጂ ትከሻዋ ለተገለጠ ሴት አይደለም። ሻርፗ ክፍል ቀርቷል፤ ከአዳራሹ እስከ ክፍላችን ስምንት ፎቅ ነው። ኮቴን አውልቄ ትከሻዋ ላይ ደረብኩላት። በዚህም ሁኔታ ያች ሰያፍ መስመር ለስምንቱም ሰው ተገለጠች። አዛውንቷ ሸሚዜን አዩ፣ እንፋሎት መሆኑንም አወቁ። «ኮሌታውን ግን በደንብ አውጥታችሁታል» አሉን።

የእሳቸው ብልሃት ሌላ ነበር። ለሰባት ሌሊት ያመጡት ከማይጨማደድ ጨርቅ የተሰፋ አንድ ጥቁር ቀሚስና ሦስት ሻርፕ ሲሆን፣ ከሻርፖቹ አንዱ የሚያብለጨልጭ ነው። ቀሚሱ አንድ ምሽት ፎርማል፣ ሌላ ምሽት ተራ ይሆናል። ጫማቸው ታኮ የሌለው ነበር። ለምን እንደሆነ ያን ማታ ራሱ ተረዳን፤ ነፋሱ በርትቶ መርከቡ መወዛወዝ ሲጀምር፣ ባለ ረጅም ታኮ ጫማ ያደረጉ ሴቶች አንዱን እጃቸውን ግድግዳ ላይ፣ በሌላው ጫማቸውን ይዘው በባዶ እግራቸው ደረጃውን ሲወጡ አየን።

በእሳቸው አነጋገር መርከብ የሚመረጠው በወደቡ ሳይሆን በልብሱ ነው። ከመርከብ ኩባንያዎቹ ኩናርድ ዛሬም ጥብቅ ነው፤ ከሳውዝሃምፕተን ኒው ዮርክ በሚሻገረው ኩዊን ሜሪ 2 ላይ የፎርማል ግብዣ ምሽቶች አሉ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላም ከጥቂት ቦታዎች በስተቀር መርከቡ ሁሉ በደንቡ ይመራል። ኖርዌጂያን በበኩሉ ፎርማልን ግዴታ ማድረግ ከተወ ቆይቷል፤ የፈለገ ይለብሳል፣ ያልፈለገ ይተዋል። ሴለብሪቲም የፎርማል ምሽቱን ቀለል ባለ ስም ተክቶታል። «እኔ ለጥብቁ እከፍላለሁ» አሉ። «ሰው በየቀኑ የማይለብሰውን ሲለብስ በየቀኑ የማያወራውን ያወራል።» እኔ ለልቅ እንደምከፍል ተናገርኩ፤ ያን ጊዜ ያመንኩበት ነበር።

ናፖሊን፣ መርከቦች ከሚቆሙበት ወደቧ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀውን ሮምን፣ ፍሎረንስንና ማርሴይን አየን፤ ደከመን፤ አምሽተን ስንመለስ ለስማርት ካዥዋሉ ምሽቶች ያቺው ሱሪዬ ከሁለት ሸሚዞች ጋር እየተፈራረቀች በቃችኝ።

ሁለተኛው ፎርማል ምሽት ስድስተኛው ነበር። በዚህ ጊዜ አስቀድሜ 7 ዶላሬን ከፍዬ ሸሚዙን አስተኩሻለሁ፤ ክራቫቴ ልክ ነው፤ የባለቤቴ ሻርፕ በእጄ ነው። ገና ሾርባው እንደቀረበ ከጎናችን ባለው ጠረጴዛ አንድ ሰው በአበባማ ቁምጣና በኮፍያ ገብቶ ተቀመጠ። በሩ ላይ የቆመው ኃላፊ አይቶታል፤ ፈገግ ብሎ አሳልፎታል። ያን ገጽ ሲያነብ ይናደድ የነበረው እኔው፣ አሁን ገጹን ይዤ ወደ ኃላፊው ለመሄድ ቃጣኝ። ሱፍ ተሸክሜያለሁ፣ ካውያ ተቀምቻለሁ፣ በእንፋሎት ተቀቅያለሁ፤ ሰውዬው ግን እኔ የምበላውን ሥጋ በባዶ ጉልበት ይበላል።

«ሻንጣው ጠፍቶበት ቢሆንስ?» አለች ባለቤቴ።

«ኮፍያው አልጠፋበትም» አልኳት።

አዛውንቷ ሳቁ። ብዙ መርከቦች እንግዳን ከበር ከመመለስ ዓይን መጨፈንን እንደሚመርጡ፣ ደንቡን በእውነት የሚያስከብረውም ሌላው ተሳፋሪ ለብሶ መገኘቱ እንደሆነ አስረዱኝ። አልተጽናናሁም። ጣፋጩ እስኪመጣ ድረስ የሰውየውን ኮፍያ ስመለከት አመሸሁ፤ ምን እንደበላሁም አላስታውስም።

በሰባተኛው ቀን ባለቤቴ ከፎቶዎቹ ሁለቱን ገዛች፤ አንዱ 20 ዶላር ነው። በመጀመሪያው ላይ ኮቴ ተከፍቷል፤ መስመሯ ትታያለች። እንዲቀየር ብለምንም እሷ የፈለገችው እሱኑ ነው።

የመጨረሻው ምሽት ስማርት ካዥዋል ነበር። ሻንጣዎች እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ከበር ውጭ መቀመጥ አለባቸው፤ ሠራተኞቹ ሌሊቱን ሰብስበው ጠዋት ወደብ ላይ ይደረድሯቸዋል። በመጀመሪያው ቀን ስለተማርኩ በሙሉ ጥንቃቄ አሰርኩ፤ የተተኮሰው ሸሚዝና ሱፌ እንዳይጨማደዱ በመስቀያ ቁም ሣጥን ውስጥ ተዉኳቸው፣ በእጄ እይዛቸዋለሁ ብዬ። የቀረውን ሁሉ፣ ራት የበላሁባትን ሱሪ ጨምሮ፣ ሻንጣ ውስጥ አስገብቼ በር ላይ አስቀመጥኩና ተኛሁ።

ጠዋት 1 ሰዓት ስነቃ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሱፍና ነጭ ሸሚዝ፣ አልጋው ሥር ለመዋኛ ገንዳ የገዛኋቸው ነጠላ ጫማዎች ነበሩ። ጥቁሩ ጫማዬም፣ ሱሪዬም፣ ካልሲዬም ወደብ ላይ ናቸው። ባለቤቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያም ክራቫቱንም እንዳደርግ መከረችኝ፤ እንዲያው ከሆነማ ይሟላ ብላ።

ሙሉ ሱፍ ለብሼ፣ ክራቫት አስሬ፣ ሁሉም በቁምጣና በቲሸርት በሚወርድበት ጠዋት፣ ደረሰኜን ይዤ ጥበቃው ክፍል በር ላይ ሰልፍ ያዝኩ። ያው ጥበቃ ካውያዬን ከመደርደሪያ አውርዶ ቁጥሩን አመሳከረና በሁለት እጁ አቀበለኝ።

«ያለ ካውያም አምሮብዎታል፣ ጌታዬ» አለኝ፤ ከዚያም ወደ እግሬ አየ።