ከትዝታ ወደ ቲዎሪ

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ኪቦርድ የምጫወተው በጆሮዬ ብቻ ነበር። ሰርግ ላይ ዘፋኙ "ትንሽ ዝቅ አድርገው" ካለኝ ትራንስፖዟን (የኪቦርዱን ድምፅ በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ የምታደርገዋን በተን) ጫን አደርጋለሁ፣ አለቀ። እንደኔ ዓይነቱ ሰው የሙዚቃ ቲዎሪ (ንድፈ ሐሳብ) ላይ የሚቸገረው ሙዚቃ ስለማያውቅ አይመስለኝም። የሚያውቀውን በስሙ ጠርቶ ወረቀት ላይ ማስፈር ስላልለመደ ነው። ትምህርት ከመጀመሬ በፊት የነበረውን ክረምት የሰጠሁት ለዚህ ነው።

የጀመርኩት ከቅኝት ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ሁለቱን እያፈራረቅኩ ሳንጎራጉር የሜጀርና የማይነር ልዩነት በዚያው ገባኝ። ኢንተርቫሎችንም (በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ርቀት) ከዚሁ ወሰድኳቸው። ባቲ ሜጀር ከዶ ወደ ሚ ዘሎ ይጀምራል፣ ይህ ርቀት ሜጀር ሰርድ ይባላል። አምባሰል በግማሽ ድምፅ ይነሳል። አንቺሆዬ ውስጥ ደግሞ ከዶ እስከ ሶል ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሶል) ትራይቶን የሚባለው ርቀት አለ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ጆሯችን ከልጅነት ጀምሮ ያውቀዋል።

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። የዶ ትዝታ ማይነርን ኖታዎች ያዙና ከሶል ጀምራችሁ ተጫወቱት፦ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። አምባሰል ሆኖ ቁጭ! ኖታዎቹ አልተለወጡም፤ ማረፊያው ነው የተለወጠው። በኋላ ክፍል ውስጥ ዶሪያን፣ ፍሪጂያን የሚባሉት ሞዶች (ኖታው ሳይለወጥ ማረፊያው ሲለወጥ የሚገኙ ቅኝቶች) ሲመጡ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም።

ሪትምም ያው ነው። ችክችካን በእጄ እያጨበጨብኩ እስከ ስድስት ስቆጥር 6/8 የሚባለው የምት አጻጻፍ መጣልኝ። እዚያው ምት ላይ አንዴ በሁለት፣ አንዴ በሦስት መቁጠር ትልቅ ልምምድ ነው፤ ሞክሩት።

አሰልቺው የኖታ ንባብ ነው። ትሬብል ክሌፉ (ለቀጫጭን ድምፆች የሚጻፈው ምልክት) ቶሎ ይለመዳል፣ ቤዝ ክሌፉ (ለወፍራሞቹ) ግን ያደክማል። እዚህ ላይ አቋራጭ የለም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማንበብ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ከመቀመጥ ይሻላል። ሚዩዚክ ቲዎሪ ዶት ኔት የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነፃ መልመጃዎች አሉ፤ ለኔ በቂ ነበሩ። ግን በስልክ መንካት ብቻ አይበቃም፣ ኖታ ወረቀት ገዝታችሁ በእርሳስ ጻፉ። የትምህርት ቤቱ ፈተና በእጅ ነው።

ትራንስፖዟንም ተውኳት። አንዱን ቀላል ዜማ በ12ቱም ቁልፍ (መነሻ ድምፅ) ተጫወትኩት። መጀመሪያ ጣት ይተሳሰራል፣ ግን የስንት ሻርፕና (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ) የስንት ፍላት ጉዳይ ከዚያ በኋላ የሽምደዳ ነገር መሆኑ ቀረ።

ሃርመኒን (ድምፆችን አብሮ የማሰማት ሕግ) ግን አልነካሁትም። ለአራት ድምፅ ሲጻፍ ትይዩ አምስተኛ (ሁለት ድምፆች የአምስተኛ ርቀታቸውን እንደጠበቁ አብረው መጓዛቸው) ለምን እንደሚከለከል ከመጽሐፍ ብቻ አይገባም። አስተማሪ ፒያኖ ላይ የተፈቀደውንም የተከለከለውንም እየተጫወተ ሲያሰማችሁ ይሻላል። ያኔም ቢሆን "ይሄ ምኑ ነው መጥፎ?" ማለታችሁ አይቀርም፤ እኔ እስካሁን እላለሁ።