ለሥነ ፈለክ ፎቶግራፍ የሚሆን ፎከሰር አመራረጥ

ፎከሰር፣ ማለትም ምስሉ ጥርት እስኪል ካሜራውን ወይም የዓይን ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ የሚያንቀሳቅሰው የቴሌስኮፕ ክፍል፣ ሲመረጥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው የሚሸከመው ዕቃ ክብደት ነው ብዬ አምናለሁ። በዓይን ለሚመለከት ሰው ፎከሰሩ የሚይዘው አንድ ቀላል የዓይን ሌንስ ብቻ ሲሆን፣ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ግን ማቀዝቀዣ ያለው ካሜራ፣ የማጣሪያ መቀያየሪያ፣ የምስል ማረሚያ ሌንስና የመከታተያ ካሜራ ተደራርበው ስለሚንጠለጠሉበት ክብደቱ 2 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን ሁሉ አገጣጥሞ መመዘን፣ ከዚያም አምራቹ ከገለጸው የመሸከም አቅም ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። በእኔ አመለካከት አቅሙ ከክብደቱ በብዙ ቢበልጥ ይመረጣል።

እንግሊዛዊው ጆን ዎል የፈለሰፈው የክሬፎርድ ፎከሰር ጥርስ የለውም፤ ቱቦውን የሚያንቀሳቅሰው ለስላሳ ዘንግ ተጭኖት የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። በዚህም እንቅስቃሴው እጅግ የሰከነ ቢሆንም፣ ቴሌስኮፑ ወደ ሰማዩ አናት ሲቀና ከባድ ካሜራ ቱቦውን ቀስ በቀስ ቁልቁል ሊያንሸራትተው ይችላል። ቱቦው በጥርሳም ማርሽ የሚንቀሳቀስበት ባለ ጥርሱ ዓይነት አይንሸራተትም፤ ስለዚህ ጥርሶቹ ያለ ክፍተት እስከተገጣጠሙ ድረስ ለከባድ ካሜራ እርሱን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የሚታየው የቴሌስኮፑ የትኩረት ሬሾ (ኤፍ)፣ ማለትም የትኩረት ርዝመቱ ለዋናው ሌንስ ወይም መስታወት ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። በአረንጓዴ ብርሃን ሲሰላ፣ በኤፍ 10 ቴሌስኮፕ ምስሉ ጥርት ብሎ የሚቆይበት ወሰን 270 ማይክሮን (1 ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያህል ሲሆን፣ በኤፍ 5 ግን ወደ 67 ማይክሮን፣ ማለትም ወደ አንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ይጠባል። ይህን በእጅ ለመቆጣጠር እንቅስቃሴውን አሥር ለአንድ የሚቀንስ ማዞሪያ የግድ ይላል። ከዚህም በላይ 1 ሜትር ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ አየሩ በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ወደ 70 ማይክሮን ስለሚኮማተር፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሚያነሳ ሰው ሙቀትን እየለካ የሚያስተካክል ሞተር ተገቢ ነው። ሞተር የላላ ፎከሰርን እንደማያጠብቅ ግን መታወቅ አለበት።

ሰያፍ ወደ 43 ሚሊ ሜትር የሆነ ሙሉ ፍሬም ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ) ላለው ካሜራ፣ ቢያንስ የ2 ኢንች ፎከሰርና በብሎን ጫፍ ከመያዝ ይልቅ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገጥም ማያያዣ ያስፈልጋል፤ ጥቂት መዝመም እንኳ በአንዱ ማዕዘን ያሉትን ኮከቦች ያስረዝማቸዋልና። መንስኤውን ለመለየት ካሜራውን ብቻ በ180 ዲግሪ አዙሮ እንደገና ማንሳት ይቻላል። የተበላሸው ማዕዘን በፎቶው ላይ እዚያው ከቆየ ችግሩ ከካሜራው ወገን ነው፤ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ከተዛወረ ግን ፎከሰሩ ወይም የቴሌስኮፑ ሌንሶች ወይም መስታወቶች አሰላለፍ ሊፈተሽ ይገባል።