በሞራ መብራት ያየሁት፤ ስለ ጥልቅ ዋሻ ሥዕሎች የአራተኛ ወር ማስታወሻ

የቅድመ ታሪክ ሥዕሎችን በግሌ ማጥናት ከጀመርኩ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። በዚህ ወር የተከታተልኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በአውሮፓ የነበሩት ሠዓሊዎች መኖሪያቸው በዋሻ አፍና በቋጥኝ ጥላ ሥር ሆኖ ሳለ፣ የቀን ብርሃን ፈጽሞ ወደማይደርስበት ጥልቅ ገብተው የሣሉት ለምንድን ነው? በደቡብ ፈረንሳይ በሚገኘው በኒዮ ዋሻ፣ ቢሰን የተባሉ የዱር በሬዎችና ፈረሶች ወደተሣሉበት «ጥቁር አዳራሽ» ለመድረስ ከመግቢያው 700 ሜትር ያህል በጨለማ መጓዝ ያስፈልጋል። በድሬዳዋ አካባቢ ያሉት የለጋ ኦዳ የከብት ሥዕሎች በአንጻሩ በቋጥኝ ጥላ ሥር የተሣሉ በመሆናቸው በቀን ብርሃን ይታያሉ።

መጀመሪያ የተቀበልኩት ፈረንሳዊው የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ አንሪ ብሮይ ያስፋፋውን የአደን አስማት ማብራሪያ፣ ማለትም አደኑ እንዲሳካላቸው የሚያድኑትን እንስሳ ይሥሉ ነበር የሚለውን ነበር። ይሁን እንጂ በፈረንሳይ በሚገኘው በላስኮ ዋሻ ከተገኙት የምግብ አጥንቶች አብዛኞቹ ሬንዲር የተባለው የአጋዘን ዝርያ ሆነው ሳለ፣ በግድግዳው ላይ ካሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ እንስሳት መካከል ሬንዲር ነው የሚባለው አንድ ብቻ መሆኑን ስረዳ ተውኩት። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ ደግሞ፣ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የሚነድ ችቦ ኦክስጅንን ስለሚቀንስ የሰዎቹ ስሜትና እይታ ይለወጥ ነበር፤ ይህንንም ፈልገው ያደርጉት ነበር የሚል ነው። ለጠባብ ቦታዎች ያሳምነኛል፤ ሰፊና ጣሪያው ከፍ ላለው ለጥቁር አዳራሽ ግን አይበቃኝም።

ሐሳቤን የለወጠው መብራቱ ነው። በላስኮ በ1959 እ.ኤ.አ. ከቀይ የአሸዋ ድንጋይ የተቀረጸ ባለእጀታ መብራት ተገኝቷል፤ ለክርነት ያገለገለው ጥድ ነበር። እኔም በጎድጓዳ ድንጋይ ላይ የበግ ሞራና ደረቅ የጥድ ጭራሮ አድርጌ ሞከርኩ። በመጀመሪያው ምሽት ሞራው ሳይቀልጥ ጭራሮው ነዶ አለቀ፤ በሁለተኛው ጥቂት ሞራ አስቀድሜ አቅልጬ ጭራሮውን ስነክርበት ግን ሳይጠፋ ነደደ። መስኮት በሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ ወጣ ገባ ያለ ትልቅ ድንጋይ አቁሜ መብራቱን ቀስ እያልኩ ከግራ ወደ ቀኝ ሳንቀሳቅስ፣ በኤሌክትሪክ ብርሃን ልብ ያላልኩት እብጠት ጥላው እየረዘመና እያጠረ የተኛ በሬ ትከሻና ጀርባ ሆኖ ታየኝ። በከሰል የጨመርኩለት ቀንድና እግር ብቻ ነበር። በስፔን በሚገኘው በአልታሚራ ዋሻ ጣሪያ ላይ ያሉ ቢሰኖችም የዐለቱን እብጠት አካላቸው አድርገው የተሣሉ ናቸው።

የዋሻ ሥዕል ተመራማሪዎቹ ዣን ክሎትና ዴቪድ ሉዊስ ዊሊያምስ በ1996 እ.ኤ.አ. ለሠዓሊዎቹ ግድግዳው ከመናፍስት ዓለም የሚለይ ስስ መጋረጃ ይመስላቸው ነበር ሲሉ የጻፉትን በመጀመሪያው ወር ሳነብ የተጋነነ መስሎኝ ነበር። ሠዓሊዎቹ ራሳቸውን ስተው ነበር እስከሚለው ድረስ አሁንም አልከተላቸውም፤ ነገር ግን ወደ ጥልቁ የወሰዳቸው እንስሳው በሚንቀሳቀስ ነበልባል ከዐለቱ ሲወጣ የሚታይበት ጨለማ እንደሆነ አምናለሁ።

አንድ እጄ መብራቱን ስለያዘ መሣል የቻልኩት አጫጭር መስመሮችን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ወር ታናሽ እህቴ መብራቱን ትይዝልኛለች።