ትንፋሽ ሳልቆጥር ያደርኩበት ሌሊት

በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የኮቪድ ማዕከል ነርስ ነበርኩ። አንድ ሌሊት ሃይ ፍሎው (በአፍንጫ ብዙ ኦክስጅን በኃይል የሚሰጥ ማሽን) ላይ ያሉ አባት ተረከብኩ። ሳቹሬሽናቸው፣ ማለትም በጣት መለኪያ የሚታየው የደማቸው ኦክስጅን፣ 92 በመቶ ነው። «እኔ ደህና ነኝ ልጄ፣ ሌላውን እይ» አሉኝ። እኔም ሄድኩ። ሊነጋጋ ሲል ዛሉ። ተሯሩጠን የመተንፈሻ ቱቦ አስገባንላቸው፤ አልተረፉም።

ጠዋት ቻርታቸውን ገለጥኩ። ሳቹሬሽኑ ሌሊቱን ሙሉ 91፣ 92 ነው። ኦክስጅኑ ግን ከ60 ወደ 80 በመቶ ተጨምሯል። ቁጥሩን ደግፎ የያዘው ማሽኑ ነው፣ ሳንባቸው አይደለም። የትንፋሽ ብዛት የሚለው ቦታ ላይ 20፣ 20፣ 20 ተብሎ ተጽፏል። በእኔ እጅ። አንዱንም አልቆጠርኩም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ሮክስ የሚባለውን ስሌት የያዝኩት። የባርሴሎናው ሐኪም ኦሪዮል ሮካና ባልደረቦቹ የሳንባ ምች ኖሯቸው ሃይ ፍሎው ላይ ላሉ ሕሙማን ያወጡት ነው። ሳቹሬሽኑን ለኦክስጅኑ መጠን ታካፍላለህ፤ የመጣውን ደግሞ በደቂቃ ለሚተነፍሱት ብዛት። ለምሳሌ 92 ለ0.6 (60 በመቶ ኦክስጅን ማለት ነው)፣ ከዚያ ለ28 ትንፋሽ፤ 5.5 ገደማ ይመጣል። ሃይ ፍሎው ከተጀመረ በ2ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ሰዓት 4.88 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቱቦ የማስፈለጉ ዕድል ያንሳል። በ2 ሰዓት ከ2.85፣ በ6 ሰዓት ከ3.47፣ በ12 ሰዓት ከ3.85 በታች ከወረደ ግን ሃይ ፍሎው ብቻውን እንዳይበቃ ነው የሚያሰጋው። መሃል ላይ ያለውን ቶሎ ቶሎ መድገም ነው።

ቻርቱ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ዓምድ ጨመርኩ። ከባዱ ማካፈሉ ሳይሆን ቆጠራው ነው። የሞኒተሩ ቁጥር በሽተኛው ሲያስል ወይም ሲያወራ ይዘላል። ሰው እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ ደግሞ አተነፋፈሱን ይቀይራል። ስለዚህ የልብ ምት የምለካ መስዬ እጃቸውን እይዛለሁ፤ ዓይኔ ሆዳቸው ላይ ነው። ሙሉ 1 ደቂቃ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል።

ሌላም አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካዋ ሚሺጋን የወጣ ጥናት የጣት መለኪያው የጥቁር ሕሙማንን የኦክስጅን እጥረት ከነጮቹ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ እንደሚስት አሳይቷል። እኛ ክፍል ይህ የሁሉም አልጋ ጉዳይ ነው። ስለዚህ 92 ሳይ አልዘናጋም።

አየር በግፊት በጭምብል ለሚሰጠው ማሽን፣ ለባይፓፕ፣ ሃኮር የሚባል ሌላ መለኪያ አለ። የልብ ምትን፣ የደም አሲድን፣ ንቃትን፣ ኦክስጅንንና ትንፋሽን ይደምራል። የደም ጋዝ ምርመራ ስለሚፈልግ እኛ ጋ ሁልጊዜ አይሆንም ነበር።

ከወራት በኋላ አንዲት እናት ገቡ። ሮክሳቸው በ2 ሰዓት 4.6፣ በ6 ሰዓት 3.4። ፊታቸው ገና ፈገግ ይላል። ዶክተሩን ቀሰቀስኩት። ቁጥሩን አየ፣ አጠገባቸው ቆሞ ራሱም ቆጠረ። የቬንቲሌተር አልጋው እስኪዘጋጅ ጊዜ ነበረን። ስልኬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ያዝኩላቸው፤ ቱቦው ከመግባቱ በፊት ከልጃቸው ጋር ተነጋገሩ።