አረብኛው ከጅዳ፣ ክፍያው ከቀን ሠራተኛ

በዩኒቨርሲቲ ስም ሰፈር አስተባብራችሁ ስደተኛ ልትረዱ ካሰባችሁ መጀመሪያ የምታነጋግሩት ወረዳውን አይደለም። ፋይናንስን ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ከጀመረ ወዲህ በመተማና በኩርሙክ ብዙ ሰው ተሻግሯል። ብዙው መጠለያ ጣቢያ ሲቀር፣ አዲስ አበባ የገባም አለ። እኛ ያገኘናቸው ኮንዶሚኒየም ተከራይተው በር ዘግተው የሚኖሩትን ነው።

የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍላችን ሐሳቤን ቶሎ አጸደቀው። መመሪያው በወረዳ በኩል ግቡ ይላል። እኔ በእድር ግቡ እላለሁ። ወረዳ ስብሰባ ይጠራል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አለቀ። እድር ግን የትኛው ብሎክ ላይ ማን እንደታመመ ያውቃል። የእድሩ ሰብሳቢ ደግሞ በደርግ ጊዜ ተሰደው ገዳሪፍ የኖሩ ሰው ሆነው ተገኙ። «እኔን ሱዳኖች ሲያስጠጉኝ ደብዳቤ አምጣ አላሉኝም» አሉና የእድሩን አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰጡን።

የሕግ ተማሪዎቻችን አዋጅ ቁጥር 1110/2011ን አባዝተው ከወላጆች ጋር ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ዞሩ። አዋጁ ስደተኛ ልጅ አንደኛ ደረጃን እንደ ዜጋ እንዲማር ይፈቅዳል። ይህን የማያውቅ ርዕሰ መምህር አለ። ወረቀቱን ሲያይ ግን ይለሰልሳል።

የቀረው አስተርጓሚ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ አረብኛ ሞልቷል። ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከቤሩት የተመለሱ ሴቶች አሉ። አንዷማ ካርቱም ሻይ ስትሸጥ የኖረች ናት፤ የሱዳኖቹን አነጋገር ከነቀልዱ ታውቀዋለች። አንዲት እናት ሐኪም ፊት የልጇን ሕመም መናገር አቅቷት ስታለቅስ፣ መጀመሪያ አሳቀቻት፣ ከዚያ አስወራቻት። ይህን ዲግሪ አያስተምርም።

ፋይናንስ ግን ዲግሪ ጠየቀ።

«ዶክተር፣ የትምህርት ማስረጃቸው የታለ?»

የላቸውም አልኩ። አንዷ አስረኛ ክፍል፣ ሌላዋ ስድስተኛ ክፍል ናት።

«እንግዲያው በአስተርጓሚ መደብ አይከፈልም። የቲን ቁጥርስ?»

እሱም የለም። ትራንስፖርት ብቻ እንክፈል ስል ደረሰኝ ተባልኩ። ከታክሲ ረዳት ደረሰኝ የተቀበለ ሰው ካለ ያስተዋውቀኝ! ወደ ግዥ ላኩኝ፣ ግዥ ወደ ሰው ሀብት፣ ሰው ሀብት መልሶ ወደ ፋይናንስ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሲመጡ ደግሞ ደብዳቤዬ መዝገብ ቤት ጠፍቷል። በመጨረሻ አንዱ፣ ውለታ የዋለልኝ መስሎት፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «በቀን ሠራተኛ እናውጣላቸው» አለኝ። ድንጋይ በሚሸከምና ሣር በሚያጭድ ሒሳብ ማለቱ ነው። አሁንም ሳስበው ያበግነኛል። ለሆቴል ስልጠናና ለአበል ሲሆን መደቡ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ከጅዳ የመጣችው «ብሩ ይምጣ እንጂ ስሙ ምን ያደርጋል» ብላ ፈረመች። የካርቱሟ እምቢ አለች። «ቀን ሠራተኛ ብሆን ኖሮ አንተ ትጠራኝ ነበር?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። ፕሮፖዛሉን ስትጽፉ «አስተርጓሚ» አትበሉ፤ «የማኅበረሰብ አገናኝ» በሉና የክፍያውን መስፈርት ራሳችሁ አስቀምጡ፤ ልምድን ከማስረጃ እኩል አድርጉት። ፋይናንስ ሳይፈርምበት ማንንም ሴት ከቤቷ አትጥሩ። ሰኔ 30 ሳይደርስም ጨርሱ፤ እኛ ስንከራከር በጀቱ ተዘጋብን።

ለጊዜው የታክሲያቸውን እድሩ ይከፍላል፣ ያለ ደረሰኝ። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የምስጋና ሰርተፍኬት ሰጥቷቸዋል። በቀለም የታተመ፣ ክብ ማህተም ያለው። ለእሱ የትምህርት ማስረጃ የጠየቀ የለም።