የመንዝን በግ መሸለት፦ ከባናው በፊት ቆዳው

የሆሮም የቦንጋም በግ መሸለት አያስፈልገውም፤ ጠጉሩ አጭር ነው። የመንዝ በግ ግን ሱፍ ያበቅላል፤ ባናውና ዝተቱ (የሱፍ ብርድ ልብሶቹ)፣ በርኖሱም (ካባው) የሚሠራው ከዚሁ ነው። ሱፉ ገበያ ሲያጣ መሸለቱንም የሚተው አለ። ይህ በጉን መበደል ነው።

በጉ የሚሸለትበት ዋናው ምክንያት እከክ ነው። ቅማልና ክንፍ የሌላት ደም መጣጭ የበግ ዝንብ ከሱፉ ሥር ይራባሉ። ዝንቧ ዕድሜዋን ሙሉ ከበጉ አትወርድም፤ እጯን ከሱፉ ላይ ታጣብቀዋለች፣ እጩም ቅርፊት ለብሶ ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። የሚያሳክከው በግ ከድንጋይና ከአጥር ይታሻል፣ ሱፉን ይነጫል፣ ይከሳል። ቆዳውም ሲለፋ ተባዩ የተወው ነቁጥ ይወጣና ዋጋው ይወድቃል። ሲሸለት ብዙው ተባይ ከነእጩ ይወርዳል፤ የሚረጨው መድኃኒትም ከቆዳው ይደርሳል። መድኃኒቱ በቅርፊት ውስጥ ያለውን ስለማይገድል ግን ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል። «ረጨን፣ አልሠራም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ሁለተኛው ዙር ስለሚዘለል ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ውርጭ በሚወርድበት ወቅት፣ አትሸልቱ፤ በክረምትም እንዲሁ። ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ፣ የበልጉ ዝናብ ፋታ ሲሰጥ፣ ይሻላል፤ ሐምሌ እስኪደርስ ሱፉ ያገግማል። ለመውለድ አንድ ወር የቀራትን በግ አታገላብጧት፤ ቆማ የኋላዋንና የጡቷን ዙሪያ ማጽዳት ይበቃታል።

በጉ ማታውን ሳይበላ ይደር። የሞላ ሆድ በመቀመጫው ሲያስቀምጡት ሳንባውን ይጫነዋል። ሱፉ ደረቅ ይሁን፤ እርጥቡ ተከምሮ ይሻግታል። አገጩን ይዛችሁ አንገቱን ወደ ጎኑ አዙሩ፣ በሌላው እጅ ዳሌውን ጫን አድርጋችሁ በመቀመጫው አስቀምጡት፣ ጀርባውን በጉልበታችሁ ደግፉ። እግሩ መሬት ካልነካ ብዙም አይታገልም፤ አራት እግሩን ጠፍሮ መጣል አያስፈልግም።

ከሆድ ጀምሩ፣ ከዚያ ጭን፣ ጎን፣ ጀርባ፣ አንገት። የሆዱ ሱፍ ቆሻሻ ስለሆነ ለብቻው ይቀመጥ። ጥበቡ ሁሉ በግራ እጅ ነው፦ በግራው ቆዳውን ወጥሩ፣ በቀኙ መቀሱን ጠፍጣፋ አስተኙ። ሱፉን ወደ ላይ ከሳቡት ቆዳው አብሮ ይነሣና ይቆረጣል፤ በተለይ በብብትና በጭን እጥፋት። ጡትንና የአውራውን ብልት በመዳፍ ሸፍኑ። በደጋ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ማስቀረት ደግ ነው። የቀረውን ለማስተካከል ሁለተኛ መቁረጥ ግን አጫጭር ቁራጭ ያበዛል፣ ፈትሉም ይበጣጠሳል።

ግልገሎቹ ይቅደሙ፤ መግል የቋጠረ እባጭ ያለበት መጨረሻ ይሁን፣ በሽታው በመቀስ ቁስል ይተላለፋልና። በየበጉ መካከል መቀሱን አጽዱ፣ ለተቆረጠው አዮዲን ቀቡ። መድኃኒት መርጨቱ ቁስሉ እስኪደርቅ ይቆይ፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይንገራችሁ።

ሸልታችሁ ስትጨርሱ ጀርባውን በጣት ዳስሱ፤ ሱፍ የሸፈነው ክሳት የሚገኘው ያኔ ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሌሊቱን ነፋስ በማይገባበት በረት ይደሩ፣ ድርቆሽም ይጨመርላቸው፤ ብርዱን የሚቋቋሙት በሚበሉት ነው። ሱፉን ነጩን ከጥቁሩ ለይታችሁ በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡ፤ የላስቲክ ጆንያ ክሩ ይመዘዝና ከፈትሉ ጋር ይደባለቃል፣ መልቀሙም አይቻልም።