ያስቀጣቸው ፓስወርድ

ነገሩ ካለፈ ቆይቷል ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር አሁንም ይከነክነኛል። ያኔ ሲስተም አድሚን ነበርኩ፣ ፖሊሲያችን ደግሞ የምታውቁት ዓይነት ነው፣ ቢያንስ 8 ፊደል፣ ካፒታል፣ ቁጥር፣ ምልክት፣ በየ90 ቀኑ ቅየራ። ሂሳብ ክፍል የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሴት ነበሩ፣ አካውንታቸው ከድሮ ጀምሮ ኤክስፓየር እንዳያደርግ ተደርጎ ስለተረሳ ፖሊሲው ሳይነካቸው ዓመታት አለፉ።

አለቃችን ሪፖርት ላይ አያቸውና ቢሮ አስጠራቸው። እኔም እዛው ነበርኩ።

«ፓስወርድዎ ውስጥ ቁጥር አለ?»

«የለም።»

«ምልክትስ?»

«ምንም የለውም፣ ዓረፍተ ነገር ነው። ስምንት ቃል። እኔው ነኝ ያወጣሁት፣ ማንም ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ።»

«እሱማ ፓስወርድ አይባልም እትዬ፣ ማንም ይሰብረዋል።»

«እስካሁን ማን ሰበረው ልጄ?»

መልስ አልነበረውም። በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባቸው። እኔ ደግሞ ትክክል እሳቸው እንደሆኑ እያወቅኩ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፣ እንደውም ፓስወርዱን ያስቀየርኳቸው እኔ ነኝ፣ ሦስት ጊዜ ሞክረው ሲስተሙ እምቢ ሲላቸው «ምን ላድርግለት?» ብለው ሲጠይቁኝ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ አለቃችን ራሱ የዶሜኑን፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱን አካውንቶች ሁሉ፣ ሃሽ አውጥተን ስንቱ እንደሚሰበር እንድናይ በጽሑፍ አዘዘ። ሃሽ ማለት ሲስተሙ በፓስወርዱ ፋንታ የሚያስቀምጠው ከፓስወርዱ የተሰላ ኮድ ነው፣ ወደኋላ ስለማይፈታ የሚሰበረው እየገመቱ ግምቱን አስልቶ በማመሳከር ነው። ስናወጣው ሂስትሪውም አብሮ መጣ። ዊንዶውስ ሰው የድሮ ፓስወርዱን መልሶ እንዳይጠቀም የቀደሙትንም ሃሽ ያስቀምጣልና፣ የእትዬ አዲሱም አሮጌውም እጄ ገባ ማለት ነው።

ዊንዶውስ ሃሹን የሚያሰላበት ኤንቲኤልኤም ሶልት የለውም፣ ማለትም ለየሰዉ የተለየ ጭማሪ ስለማያስገባ የሁለት ሰው ፓስወርድ አንድ ከሆነ ሃሹም አንድ ነው፣ ሲሰላም በጣም ፈጣን ነው፣ አንድ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ በሴኮንድ ከ100 ቢሊዮን በላይ ግምት ይሞክራል። ኪቦርዱ ላይ ካሉት 95 ምልክቶች 8 ቦታ ቢሞላ 6,600 ትሪሊዮን ገደማ አማራጭ ነው፣ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል፣ በ100 ቢሊዮን ሲካፈል ግን 18 ሰዓት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሁሉን በተራ ለሚሞክር ነው፣ ማንም ደግሞ ከዛ አይጀምርም። መጀመሪያ የሚሞከረው ከዚህ በፊት ያፈተለከው ሊስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከሚባል ድርጅት ብቻ 32 ሚሊዮን ፓስወርድ እንዲሁ በግልጽ እንደተጻፈ ወጥቷል። ከዛ በሊስቱ ላይ ሩል፣ ማለትም ቃሉን የሚቀያይር ሕግ፣ ይጫንበታል፣ የመጀመሪያውን ፊደል ካፒታል አድርግ፣ ኤ ካለ በአት (@) ቀይር፣ መጨረሻው ላይ ዓመተ ምህረትና ቃለ አጋኖ ጨምር። ሰው ቁጥርና ምልክት አስገባ ተብሎ ሲገደድ የሚያስገባው ሁሌም እዛው ቦታ ስለሆነ ነው የሚሠራው።

የአለቃችን ፓስወርድ ገና ስጀምረው ወደቀ። የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ዓመተ ምህረቱ፣ ቃለ አጋኖ። የእትዬ አዲሱ፣ ማለትም እኛ ያስገደድናቸው፣ የወር ስምና ዓመት ከቃለ አጋኖ ጋር ነበር፣ በሁለተኛው ደቂቃ ወጣ። አሮጌውን፣ ስምንት ቃሉን፣ ሦስት ቀን ሙሉ አስሮጥኩበት፣ ቅዳሜና እሁድንም ጨምሮ። አልተነካም። ከታወቀ ዘፈን ወይም ከተረት የተወሰደ ቢሆን ኖሮ ሊስት ውስጥ ስለሚገኝ በቀላሉ ይሄድ ነበር፣ ያዳነው ርዝመቱና ከራሳቸው ጭንቅላት መውጣቱ ነው።

ውጤቱን ለአለቃችን አሳየሁት። ዝም ብሎ አየውና «ስም አታስገባ» አለኝ። እሺ ብዬ ግን ያኔ የተዋጥኩትን ቃል አወጣሁ፣ የአሜሪካው የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ኒስት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን መመሪያ አሳየሁት፣ ሰውን ካፒታልና ምልክት አስገባ ብላችሁ አታስገድዱ፣ ተሰረቀ የሚያስብል ነገር ካልታየ በየጊዜው አታስቀይሩ፣ ይልቅ ያፈተለከ ሊስት ውስጥ መኖሩን አጣሩ ነው የሚለው። የድሮውን ምክር የጻፈው ቢል በር ራሱ በዛው ዓመት መጸጸቱን ለጋዜጣ ተናግሯል።

«ኦዲተር ሲመጣ ታዲያ ይሄን ነው የማሳየው?» አለኝ።

«አዎ፣ ይሄንን ነው» አልኩት።

ፖሊሲው ለመቀየር ዓመት ፈጀ። አሁን ቢያንስ 15 ፊደል ነው፣ ያፈተለከ ፓስወርድ አይቀበልም፣ የ90 ቀኑ ቅየራም ቀርቷል። የጸደቀ ቀን በቀጥታ ሂሳብ ክፍል ሄጄ ለእትዬ ነገርኳቸው፣ የሦስቱን ቀን ነገርም ጭምር፣ ዝም ማለቴንም።

«አሮጌውን ልመልሰው እንግዲህ?» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

አይሆንም ማለት ነበረብኝ፣ ሂስትሪ ውስጥ ስላለ ሲስተሙ አይቀበለውም። ትንሽ አሰቡና ፊቴን እንዳዞር አድርገው አዲስ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመሩ፣ ረጅም ነበር፣ ኪቦርዱ ቶሎ አላቆመም።

ጨርሰው ኢንተር ከመቱ በኋላ «ደብዳቤውስ?» አሉኝ።

ሰው ኃይል ሄጄ ጠየቅኩ። የጻፈው ሰው ራሱ በደብዳቤ ካላነሳው ከፋይል አይወጣም አሉኝ። ለአለቃችን ሁለቴ ነገርኩት፣ ሁለቴም እሺ አለኝ። እትዬ ጡረታ ሲወጡ ደብዳቤው ፋይላቸው ውስጥ ነበር።